ያለ ክዳን

ሁለት ሺህ ሦስት መቶ በቀኝ ኪሴ አጥፌ፣
የታክሲ ሠላሳ ብር በግራ አስተርፌ፣
በጎጃም በረንዳ መርካቶ ወረድኩኝ፤
ሃምሳ ዓመት ሊሞላኝ፣ ድስት ልገዛ ነኝ።

አሥራ አንድ ዓመት ሙሉ ወይዘሮ ዝማም ቤት፣
ፒያሳ፣ በዱቤ፤ በደመወዝ ዕለት
ሰማያዊ ደብተር ገልጠው እየሳቁ
ስሜን ይሰርዛሉ፣ ደግሞም ሲመርቁ።
ወጥ እንዴት ይሠራል? ብዬ አላውቅም ነበር፤
ሽሮ ከመጋረጃው ጀርባ ነው የሚፈጠር።

ባለፈው ጥር ግን ቤቱ ምልክት ተቀባ፣
መጋረጃው ወርዶ ፌስታል ውስጥ ገባ።
ገላን ያለው ልጃቸው መጥቶ ወሰዳቸው፤
የአንድ ሳምንት ምሳ አልከፈልኳቸው።
ከዚያ ወዲህ ዳቦ፣ ከዚያ ወዲህ ሙዝ፣
በየሆቴሉ በር ዋጋ ሳይ ስፈዝ።

ትርሲት፣ ከሒሳብ ክፍል፣ ዝርዝር ጻፈችልኝ፤
«አንድ ድስት፣ አንድ ቢላ፣ ማማሰያ» አለችኝ፤
«መክተፊያ፣ መጥበሻ፣ ወንፊት ለዱቄት፤
ሌላው ጌጥ ነው፣ ጋሼ፤ ይቅር ለሀብታም ቤት።»
አራሚ ነኝ እኔ፣ ፊደል ነው ሥራዬ፤
«ማማሰያ»ን ስንቴ በቀይ እስክሪብቶ አስተካክዬ—
በእጄ ግን ይዤው አላውቅም።

መስታወት የለበሰ ሱቅ ገባሁ በስህተት፤
ሰባት ድስት ተሰልፎ ቁመት በቁመት፣
እንደ ቤተሰብ ፎቶ ያብለጨልጫል።
«ዘጠኝ ሺህ» አለች ልጅቷ፤ «ይቀንሳል።»
ስንት ይቀንሳል? ብዬ አልጠየቅኳትም፤
ከዘጠኝ ሺህ ተነሥቶ
እኔ ጋ የሚደርስ ቅናሽ የለም።

ምናለሽ ተራ፣ ሙደሲር፣ ሽበታም ነጋዴ፣
ቢላውን በጥፍሬ አስሞከረኝ አንዴ፤
«ይሄኛው ዝጓል፣ ግን ዝገቱ ከላይ ነው፤
ያ የሚያብለጨልጨው ቆርቆሮ ብቻ ነው።»
ድስቱን ሁሉ በጣቱ ኳ! አድርጎ መታ፤
«ቀጭኑ ይንጫጫል፤
ወፍራሙ መልሱ አጭር ነው፣ ጌታ።»

ከዚያ ከክምሩ ሥር አንዱን ጎትቶ
አሳየኝ ገልብጦ።
መቀመጫው ላይ፣ በቀይ የጥፍር ቀለም፣
ሰርግና ለቅሶ ተውሶት ሲሄድ
ከሰው ዕቃ ጋር እንዳይደባለቅ፣
«ዝማም» ይላል።
እሳት የ«ማ»ን እግር በልቶት
«ዝመም» ሊሆን ጥቂት ቀርቶታል።
አርመው፣ አርመው አለኝ እጄ።

ፊቴን ድንጋይ አደረግሁት። ካወቀ ይወደዳል።
«ስንት ነው?»
«ሺህ አራት መቶ።»
«ክዳንስ?»
«ክዳን የለውም።»
«ጥቀርሻው?»
«ባመድ ይለቃል።»
«ጆሮው ተነቃንቋል።»
«ብሎን ነው፤ ይጠብቃል።»
ስድስት መቶ አልኩት፤ ሳቀብኝ። ሰባት፤ ፊቱን አዞረ።
ከዚህ ድስት አሥራ አንድ ዓመት በልቻለሁ
ሊል የተነሣው ምላሴ
ከጥርሴ ኋላ ታሰረ።
ሄድኩ። አልጠራኝም። ተመለስኩ፣ አፍሬ።
ዘጠኝ መቶ ላይ ተጨባበጥን፤
ሌላ ድስት ቢሆን፣ እውነቱን ልናገር፣
አምስት መቶም አላወጣ ነበር።

ቢላው ሦስት መቶ። ማማሰያ፣ መክተፊያ፣
ሁለቱም ባንድ ላይ ሁለት መቶ ሰማንያ።
መጥበሻው አራት ተኩል። የቀረው ለዘይት፣
ለሽሮ፣ ለሽንኩርት፤
ወንፊቱን ተውኩት፤ ዱቄት ዱቄት ነው ብዬ፣
ተሳፈርኩ ድስቴን እንደ ሕፃን ታቅፌ፣ አዝዬ።
ረዳቱ «የሁለት ሰው ትከፍላለህ?» አለኝ።

ማታ፣ ባንድ ዓይና ምድጃ፣ ሽሮዬ ጓጎለ፤
ክዳን የለምና ግድግዳዬን ሁሉ በጠብታ ሣለ።
ሰሐን ደፋሁበት፤ ሰሐኑ ጠበበው።
ከቃጠሎው በላይ፣ ከጉጉሉ በታች ያለውን መረጥኩ፣
በዳቦ ጠራርጌ ቆሜ በላሁት።

ምናልባት ክዳኑ ገላን ይሆናል፣
ሌላ ድስት ላይ፣ ልክ ሳይሆን፣ እየተንገዳገደ።
ስልካቸው አለኝ፤ ከጥር ጀምሮ
አውጥቼ አይቼው ስመልሰው የከረመ።
ደወልኩ።
«ሃሎ፣ ማን ልበል?» አሉ።
«ዱቤ ያለብኝ» አልኩ።